ከኮፈኑ ሥር የገባው አይጥ ከየት መጣ?

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የመኪና ሽቦ በአይጥ መበላት። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙ አንባቢዎችን ችግር ጠቅልሎ የያዘ በመሆኑ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን፤ የቀሩትን በአጭሩ እናስከትላለን።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። ቶዮታ ኮሮላ መኪናዬን የማሳድረው በወላጆቼ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ በተከደነ መጠለያ ሥር ነው። ከመጠለያው ጀርባ የእህል ማስቀመጫ ክፍልና የላም በረት አለ። ከገና በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋ ስትነሣ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷም በራ። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ነዳጅ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄዱት ሽቦዎች በአይጥ ተበልተው ነበር። አጣምሮ በናስትሮ ጠቀለለልኝ። ወር ሳይሞላ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተበላ። አባቴ ለእህል የገዙትን የነቀዝ ክኒን ከኮፈኑ ሥር እንዳስቀምጥ መከሩኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «በርበሬ በትኚበት» ይላሉ፤ የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ የአሁን መኪኖች ሽቦ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ መፍትሔ የለውም ብሎኛል። የማንን ምክር ልስማ? እስከዚያውስ መኪናዋን ብነዳት አደጋ አለው?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ጊዜ ከማይሰጠው ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር። የተበላው ሽቦ የአንድ ሴንሰር ብቻ ከሆነ መኪናዋ ጉልበት ከመቀነስና ከመንቀጥቀጥ ያለፈ ነገር ላታሳይ ትችላለች፤ ነገር ግን የተበላው የትኛው ሽቦ እንደሆነ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ሽፋኑ የተላጠ የመዳብ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ ብልጭታና ሙቀት ይፈጠራል። ፊውዝ የተሠራው ይህን ለማስቆም ነው፤ ሆኖም ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ በፊውዝ የማይጠበቅ ሲሆን፣ በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ የተጠመጠመበት መኪናም ጥቂት አይደለም። አይጥ ከሽቦ በተጨማሪ የነዳጅ ጎማ ቱቦም ይቀረጥፋል። ስለዚህ ኮፈኑን ሲከፍቱ የቤንዚን ሽታ ካለ ቁልፉን ፈጽሞ አይንኩ፤ መኪናዋን በሰው አስገፍተው ከመጠለያው ካስወጡ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አስፈትተው ባለሙያ ይጥሩ።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሳይቋረጥ ከበራ ቀስ ብሎ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መኪናውን ማቆም ይገባል። ይህ ምልክት አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን በአግባቡ እንዳላቃጠለ የሚያመለክት ሲሆን፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ በዚያ ያለውን ውድ የጭስ ማጣሪያ በሙቀት ያበላሸዋል። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ከበራ ደግሞ ወደ አንደኛው ጎማ የሚሄደው የሴንሰር ሽቦ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው ፍሬን በአብዛኛው ይሠራል፣ ነገር ግን በድንገት አጥብቀው ሲይዙት ጎማው ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ ሁኔታ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ በተለይ መንገዱ በዝናብ ወይም በጉም ርጥብ ሲሆን፣ ፈጽሞ የማንመክረው ነገር ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንሂድ። አይጥ ሽቦ የሚበላው ስለራበው አይደለም። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ማደጋቸውን የማያቋርጡ በመሆናቸው ሁልጊዜ በመቀርጠፍ ሊያሳጥራቸውና ሊስላቸው ይገደዳል፤ የጥርሱ የፊት ገጽ ጠንካራ፣ የኋላው ለስላሳ ስለሆነ በቀረጠፈ ቁጥር ጫፉ እንደተሳለ ይቆያል። የሽቦ እሽግ ለአፉ ተስማሚ ውፍረትና ልስላሴ አለው። በተጨማሪም አይጥ ጎጆውን የሚሠራበት ጠባብ፣ ጨለማና ሙቀት ያለው ስፍራ ይሻል፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው ቦታ ሦስቱንም ያሟላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ የቆመ ሞተር ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ አይጡ ይመጣል፤ ከኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ለስላሳ የሙቀት መከላከያ ምንጣፍ ቦጭቆ ጎጆውን ያነጥፍበታል፤ መተላለፊያውን የዘጋበትን ወይም አጠገቡ ያገኘውን ሽቦ ይቀረጥፋል።

ችግሩ ከገና በኋላ መጀመሩም ያለ ምክንያት አይደለም። የመኸር እህል በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲነሣ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ በክረምቱ ሁሉ በሰብል ውስጥ የተራባው አይጥ እህሉን ተከትሎ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ ይገባል። ወሎ በልግም የሚያመርት አገር ስለሆነ የበልግ እህል በሚሰበሰብበት በሰኔ ገደማ ይኸው ነገር እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎርፍ ጉድጓዱን ሲሞላበት ደረቅ መጠለያ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይጠጋል። ስለዚህ ጥንቃቄውን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን እህል ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት መጀመር ይገባል።

የሥራ ባልደረባዎ ስለ አኩሪ አተር የነገረዎ ነገር ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ለሽቦ ሽፋን ከሚጠቀሙባቸው ፕላስቲኮች መካከል ከአኩሪ አተርና ከሌሎች ዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር ያለባቸው አሉ፤ በአሜሪካም በዚሁ ምክንያት ባለመኪኖች አምራቾችን ፍርድ ቤት አቁመዋል፤ አምራቾቹ ግን አይጡን የሳበው ይህ ነው መባሉን አይቀበሉም። በእኛ አስተያየት ይህ ክርክር ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር የለውም። አይጥ አኩሪ አተር በሽቦ ሽፋን ውስጥ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት የስልክና የመብራት ገመድ ይበላ ነበር፤ እርሳስና አሉሚኒየም የመሰሉ ለስላሳ ብረቶችንም ይቀረጥፋል። ሽቦው ከምንም ይሠራ ከምን፣ አይጥ በሌለበት ግቢ ያደረ መኪና አይበላም፤ አይጥ በሞላበት ግቢ ያደረ አሮጌ መኪናም ከመበላት አይድንም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከመጠለያው ጀርባ የእህል ክፍልና የላም በረት መኖሩን የገለጹበት። ባለሙያው ሽቦውን ጠገነ፣ አይጡ ግን ከነምግቡና ከነጎጆው እዚያው ቀረ። ትንሿ የቤት አይጥ ምግብ በቅርብ እስካገኘች ድረስ ከጎጆዋ ከ3 እስከ 10 ሜትር ያህል ርቃ አትሄድም፤ አይጠ መጎጥም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ስለዚህ ሽቦዎን የሚበላው አይጥ መኖሪያው እዚያው ግቢ ውስጥ ወይም ከአጥሩ ባሻገር መሆኑ ከሞላ ጎደል እርግጠኛ ነገር ነው። በየጊዜው ለሽቦ ጥገና የሚከፈል ገንዘብ የግቢው ጉዳይ እስካልተነካ ድረስ በከንቱ የሚባክን ነው።

መጀመሪያ አይጡ በየት በኩል እንደሚመላለስ ይወቁ። አመሻሽ ላይ በመኪናዋ ዙሪያ፣ በግድግዳው ሥርና በእህል ክፍሉ ደጃፍ ላይ ስስ አመድ ይነስንሱ፤ ጠዋት የእግሩን ዱካ አመዱ ላይ ያገኙታል። የዓይነ ምድሩ መጠንም ዓይነቱን ይነግራል፤ የትንሿ አይጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ሲሆን፣ የአይጠ መጎጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። አዘውትሮ በሚሄድበት ግድግዳ ላይ ከጠጉሩ የሚቀር የወዛም ጥቁር መስመር ይታያል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ወጥመዱንም ሆነ የሚደፈነውን ቀዳዳ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመምረጥ ነው።

ከሁሉ የቀለለውና ምንም ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ መኪናዋን ከግድግዳው ማራቅ ነው። አይጥ በገላጣ ቦታ መሄድ ይፈራል፤ ግድግዳ፣ የእንጨት ክምር ወይም ረዥም ሣር ተገን አድርጎ መሄድን ይመርጣል። መኪናዋ ከበረቱና ከእህል ክፍሉ ርቃ በግቢው መካከል፣ ዙሪያዋ በተጠረገ መሬት ላይ ብታድር ብዙውን ፈተና ታመልጣለች። ቦታ ከሌለ ቢያንስ በመጠለያው ውስጥ የተደገፈውን ማገዶ፣ አሮጌ ጎማና ጆንያ ያስወጡ።

ቀጥሎ ምግቡን ማጥፋት ነው፤ ይህ ከወላጆችዎ ጋር ተመካክሮ የሚሠራ እንጂ በአንድ ሰው ብቻ የሚሆን አይደለም። እህሉ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ቢቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ነው። በማዳበሪያ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ ይደርደር፤ ከሥሩና ከኋላው መጥረግና ማየት ሲቻል አይጥ ጎጆ የሚሠራበት ስውር ቦታ አያገኝም። የላሟ መኖ ከገንዳው ውስጥ ተርፎ እንዳያድር፣ የዶሮ ጥሬም ምሽት ላይ እንዲጠረግ ያድርጉ። ጭዱ በግድ ከግቢው ውስጥ የሚከመር ከሆነ ከመኪናው በተቃራኒ ማዕዘን ይሁን። የእህል ክፍሉ በር ከሥሩ ክፍተት ካለው በቆርቆሮ ያስጠብቁት፤ ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ፣ ማለትም እርሳስ በሚያስገባ ክፍተት፣ አይጠ መጎጥም ከዚያ እጥፍ በሆነ ቀዳዳ ሊገባ ይችላልና። ቀዳዳዎቹን በጭቃ ብቻ መለሰን አይበቃም፤ የብረት ወንፊት ከውስጥ አስገብቶ በሲሚንቶ መድፈን ያስፈልጋል።

ወጥመድን በተመለከተ ከማንኛውም መርዝ ይልቅ የምንመርጠው ተራውን የሚናጠቅ ወጥመድ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ የማጥመጃው ምላስ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዱካው በታየበት መስመር ላይ ይቀመጥ። አይጠ መጎጥ በግቢው ውስጥ አዲስ ነገር ሲያይ ለቀናት የሚሸሽ ጠርጣራ እንስሳ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ወጥመዱን ሳያጠምዱ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም የተቆላ ለውዝ እያስቀመጡ ያስለምዱት፤ ያለ ፍርሃት መብላት ሲጀምር ሁሉንም በአንድ ሌሊት ያጥምዱ። አንድ ወይም ሁለት ወጥመድ አይበቃም። የቤት አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ግልገሎች የምትወልድና ግልገሎቿም በሁለት ወር ገደማ ለመውለድ የሚደርሱ በመሆናቸው፣ እየቆጠቡ አንድ በአንድ ማጥመድ ከመራባታቸው ፍጥነት ጋር አይመጣጠንም። ወጥመዱ ሕፃናትና ዶሮዎች በማይደርሱበት ሳጥን ሥር ቢሆን ይመረጣል። ድመት ካለችም ትርዳ፤ ነገር ግን ድመትም በብርድ ጊዜ ሞተር ላይ ወጥታ ስለምትተኛ፣ ጠዋት መኪናውን ከማስነሣትዎ በፊት ኮፈኑን በእጅዎ መታ መታ ማድረግን ልማድ ያድርጉት።

አሁን ስለ ነቀዝ ክኒኑ። አባትዎ በቅንነት የሰጡት ምክር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ይህን ከማድረግ እንዲቆጠቡ አጥብቀን እንለምናለን። በገበያ ላይ ለእህል ከሚሸጡት ክኒኖች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ንጥረ ነገር የያዙ ናቸው፤ ከአየር ርጥበት ጋር ሲገናኙ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። የመኪናው የአየር ማስገቢያ የሚገኘው ኮፈኑ በሚያበቃበት፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ስለሆነ፣ ከኮፈኑ ሥር የተቀመጠ ክኒን ጋዙን የሚልከው ተሳፋሪዎቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ነው። ይህ ብቻ ሳይሆን ፎስፊን መዳብን የሚበላ ጋዝ በመሆኑ ሊያድኑት የፈለጉትን ሽቦና የሽቦ መጋጠሚያ ራሱ ያበላሸዋል፤ በአንድ ቦታ በብዛት ሲጠራቀምም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ክኒኑ ሰው በሚተኛበት ክፍልም ሆነ ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጎተራ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በዚህ ጋዝ አጠገብ ቆይቶ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም የክኒኑን ስም ይንገር።

በጥቁር ዱቄት መልክ የሚሸጠው የአይጥ መርዝም፣ ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ፣ በሆድ ውስጥ ይህንኑ ጋዝ የሚያወጣ ነው። ደምን እንዳይረጋ የሚያደርጉት ሌሎች የአይጥ መርዞች ደግሞ የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ስለሆነ አይጡ ሄዶ የሚሞተው በማይታይ ቦታ፣ ምናልባትም በመኪናው የአየር ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሽታው ለሳምንታት አይለቅም። የሞተውን ወይም የደከመውን አይጥ የበላች ድመትና ጉጉትም ይመረዛሉ፤ አይጥ የሚያድኑልን እነርሱ ሲያልቁ የሚጠቀመው አይጡ ነው።

የጎረቤትዎ የእትዬ ምክር ግን መሠረት አለው። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ሰው ሁሉ አይጥንም ያቃጥለዋል፤ ሆንዳ ይህ ንጥረ ነገር ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ለጋራዦች የሚያቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስቸግረው ዱቄቱ ነው። የተበተነ በርበሬ በሞተሩ ንዝረትና በአየር ማራገቢያው ነፋስ ስለሚበተን ሽቦው ላይ አይቆይም፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ገብቶ የተሳፋሪን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ጥገና የሚሠራውንም ባለሙያ ያሠቃያል። ስለዚህ የበርበሬ ናስትሮ ካገኙ ይጠቀሙበት፤ ዱቄቱን ግን ለወጥ ይተዉት።

በየግቢው የሚሞከሩ ሌሎች ነገሮችንም እናንሣ። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በሽቦ ላይ መቀባት እሳት መጋበዝ ነው፤ የሽቦውን ሽፋንና የጎማ ቱቦዎቹንም ያላሽቃል። ለልብስ ብል የሚደረገው ናፍታሊን ትነቱ ወደ ተሳፋሪዎቹ ስለሚገባ በተለይ ለሕፃናት ጤና አይበጅም። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ከሞተሩ አጠገብ መወተፍ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ አደገኛ ነው። ሰው የማይሰማውን ድምፅ ያሰማሉ የሚባሉት መሣሪያዎች ለጥቂት ቀናት ቢያስደነግጡትም አይጡ ብዙም ሳይቆይ ስለሚለምዳቸው ገንዘብዎን ባያወጡባቸው እንመርጣለን። ኮፈኑን ከፍቶ ማሳደር ሙቀቱንና ጨለማውን ስለሚያሳጣው ይረዳል፤ ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ዝናብ በማይገባበትና ሌባ በማያሰጋበት ግቢ ብቻ ነው።

ስለ ጥገናው ደግሞ፣ በእጅ ተጣምሮ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ለጊዜው ይሠራል እንጂ አይቆይም። ናስትሮው በሞተር ሙቀት ሙጫው ሲቀልጥ ይላቀቃል፤ ርጥበት ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ መኪናዋም ዛሬ ደህና ሆና ነገ የምትታመም ትሆናለች። ለባለሙያው የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን፤ የተበላው ክፍል ጤነኛ መዳብ እስኪገኝ ተቆርጦ ይውጣ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ሽቦ ይተካ፣ መጋጠሚያው በእርሳስ ተበይዶ ወይም በመጋጠሚያ ቀለበት ተጨፍልቆ በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ይሸፈን፣ ከዚያም በሚንቀጠቀጥበት ቦታ እንዳይወዛወዝ ይታሰር። ብዙ ሴንሰሮች የ5 ቮልት ኃይል በጋራ የሚወስዱበት መስመር ስላለ፣ የአንዱ መላጥ የሦስት ወይም የአራት ሴንሰር ብልሽት መስሎ ሊታይ ይችላል። የሴንሰር ዋጋ እንዲከፍሉ ከመጠየቅዎ በፊት መስመሩ በመለኪያ መሣሪያ መፈተሹን ያረጋግጡ። አይጡ ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ የበላበትም ምክንያት አለው፤ የቀረው የሽንቱ ሽታ ሌሎችን ይጠራል።

ስለዚህ ቦታው ካልጸዳ ጥገናው አልተፈጸመም። ጎጆውንና ዓይነ ምድሩን በደረቁ አይጥረጉ፤ የሚነሣው አቧራ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስም በቁስልና በዓይን በኩል ሊገባ የሚችል ነው። ባትሪው ተፈትቶ፣ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ተደርጎ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ በቆሻሻው ላይ ይረጭ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ በጨርቅ ይነሣ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል። በረኪና ብረትንና የሽቦ መጋጠሚያን ስለሚበላ በሶኬቶቹ ላይ እንዳይረጭ፣ የነካው ቦታም በኋላ በውሃ በራሰ ጨርቅ እንዲወለወል ያድርጉ። የሞተሩን የአየር ፊልትሮና የተሳፋሪ ክፍሉን ፊልትሮ አስከፍተው ይዩ፤ ጎጆ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። የአየር ማስገቢያው አፍ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በሚያንስ የብረት ወንፊት ቢሸፈን አይጡ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለእናንተ። አይሱዙ የጭነት መኪና አሽከረክራለሁ። እህልና ዱቄት እየጫንኩ ብዙ ጊዜ የማድረው ከመጋዘን አጠገብ ነው። የኋላ መብራት ሽቦ በተደጋጋሚ ይበላብኛል፤ ጋቢናው ውስጥም አይጥ አይቻለሁ። እዚህ እንደ ደሴ ብርድ የለም፤ ታዲያ ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው?

መልስ፦

ወንድማችን፣ ልክ ነዎት፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች የእርስዎን መኪና የሚያስመርጠው ሙቀቱ ሳይሆን እህሉ ነው። በካሳው (በጭነት ማስቀመጫው) ወለል ስንጥቅና በሻንሲው ላይ የሚቀር ፍርፋሪ ለአይጥ በቂ ቀለብ ነው፤ መኪናው ራሱ ለአይጡ ተንቀሳቃሽ መጋዘን ሆኖለታል። ጭነት ባራገፉ ቁጥር ካሳውን ከሥር ጭምር ማስጠረግ፣ በየጊዜውም ላቫጆ ላይ ሻንሲውን በውሃ ማስመታት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ጋቢና ውስጥ እንጀራ፣ ቆሎና የፍራፍሬ ልጣጭ አይደር። የአይጡ ወደ ጋቢና መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ የማርሽ ዘንግና የፔዳሎች ቀዳዳ ላይ ያለው የተቀደደ ጎማ ስለሆነ እርሱን ያስለውጡ። ለማደሪያም ከመጋዘኑ ግድግዳና ከእህል ማራገፊያው ራቅ ያለ፣ መብራት ያለበት ቦታ ይምረጡ፤ የመጋዘኑን ባለቤትም ያነጋግሩ፤ አይጡ የእርስዎን ሽቦ ከመብላቱ አስቀድሞ የሚበላው የእርሱን እህል ነውና ጉዳዩ የጋራችሁ ነው።

በሻንሲው ላይ የሚሄዱት ሽቦዎች ለረዥም ርቀት የተጋለጡ ስለሆኑ በጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ አዋጭ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው በ24 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው ለ12 ቮልት የተሠራ አምፖልና ማስተላለፊያ ሳይገባባቸው መጠገኑን ይከታተሉ። የኋላ መብራት ሳይሠራ በሌሊት አይንቀሳቀሱ፤ በሐረጎ መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ የሚያይዎ በዚያ መብራት ነው። ሌላም የምንለምንዎ ነገር አለ፤ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲሄዱ አይጡን አብረው እንዳያጓጉዙ፣ ከመጫንዎ በፊት የሸራውን እጥፋትና የመቀመጫውን ሥር ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ

የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ሞተሩ እንደ ነዳጅ መኪና ስለማይግል አይጥ አይገባበትም ይሉኛል። እውነት ነው? ከገባስ ሽቦውን ራሴ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙዎች ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ሙቀት አነስተኛ ቢሆንም አይጥ ጨለማና መሸሸጊያ አያጣበትም፤ ባትሪው በሚሞላበት ጊዜና ከዚያ በኋላም የሚሞቁ ክፍሎች አሉት። ስለ ግቢው ጽዳትና ስለ ማቆሚያ ቦታው ከላይ የተባለው ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል። በጥገናው ላይ ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍበት ነው፤ ተበልቶ ቢያዩት እንኳ በእጅ አይንኩት፣ ውሃም አይርጩበት፤ በዚህ ሥራ ያልሠለጠነ ባለሙያም እንዲነካው አይፍቀዱ። መኪናው መስመሩ መላጡን ሲያውቅ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ወይም አልነሣም ሊል ይችላል፤ ይህ የተሠራው ሕይወትዎን ለመጠበቅ ስለሆነ ለማለፍ አይሞክሩ። ባትሪ የሚሞላበትን ገመድ ከተጠቀሙ በኋላ መሬት ላይ አይተዉት፤ ጠቅልለው ከፍ ባለ ቦታ ይስቀሉት፣ ከመሰካትዎ በፊትም ርዝመቱን ሙሉ በዓይንዎ ይመርምሩ። ሽፋኑ ተነክሶ ከሆነ በናስትሮ ሳይጠቀልሉ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

ኢንሹራንስ አለኝ፤ አይጥ ለበላው ሽቦ ይከፍለኛል?

መልስ፦

ያለዎት በሕግ የሚገደዱበት የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ከሆነ አይከፍልም፤ እርሱ የሚሸፍነው መኪናዎ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። አጠቃላይ የመኪና መድን ካለዎት ውሉን አውጥተው ያንብቡ፤ በነፍሳትና በአይጥ የሚደርስን ጉዳት ከሽፋኑ ውጪ የሚያደርጉ ውሎች ስላሉ ከማያደርጉት ጋር በስም አንድ ቢመስሉም በይዘት ይለያያሉ። ከአይጥ ጉዳት ተነሥቶ የደረሰ እሳት ካለ በተለየ አንቀጽ ሊታይ ስለሚችል ጥያቄዎን በጽሑፍ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሽቦው ከመጠገኑ በፊት የተበላውን ቦታ፣ ጎጆውንና ዓይነ ምድሩን ፎቶ ያንሡ፤ ተቆርጦ የወጣውን ሽቦም ባለሙያው ሳይጥለው ተቀብለው ያስቀምጡ።